ጀርባውንም እዩት

ባለፈው ዕትም፣ በስፌት መኪናና በቁርጥራጭ ጨርቅ ሥዕል መሥራት የምትሞክሩ የተቸገራችሁበትን ጻፉልኝ ብዬ ነበር። ጻፋችሁ። እንዲያውም በዛ። ለሁሉም ቦታ ስለማይበቃ ብዙ ሰው የጠየቀውን መርጫለሁ።

ለአዲስ አንባቢ ስለ ራሴ ሁለት ቃል። ሃያ ሁለት ዓመት ሱሪ ሳሳጥርና ዚፕ ስቀይር የኖርኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሥዕል ልሥራ ብዬ አልተነሳሁም። ከጠረጴዛዬ ሥር ያስቀመጥኩት የቁርጥራጭ ማዳበሪያ ሞልቶ እግሬን ማስገቢያ አሳጣኝ። መጣሉ አሳዘነኝ፤ ማስቀመጡ አስቸገረኝ። አንድ ቀን ሥራ ሲቀዘቅዝ እፍኝ አውጥቼ ሸራ ላይ በተንኩት። ከዚያ ወዲህ ማዳበሪያው አንድም ቀን ጎድሎ አያውቅም፤ አሁን ሰው ሁሉ ያመጣልኛል።

"ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የልጄን የስፌት መኪና ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ከላይ ስፌቱ ደህና ይመስላል፤ ጨርቁን ስገለብጠው ግን ከሥር የክር ጎጆ ተሠርቷል። የታችኛውን ክር ባጠብቀውም ለውጥ የለም። መኪናው ተበላሽቶ ይሆን?"

ጋሼ፣ መኪናው ደህና ነው። እባክዎ ያቺን የታችኛዋን ብሎን አይንኳት።

ጎጆው ከሥር ስለሚታይ ሰው ሁሉ የታችኛውን ክር ይከሳል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ነው። የላይኛው ክር በሁለት ትናንሽ ክብ ብረቶች መሃል ያልፋል። የጨርቅ መጫኛው እግር ሲወርድ ብረቶቹ ገጥመው ክሩን ይጨብጡታል። እግሩ ሲነሳ ይላቀቃሉ። እግሩ ወርዶ ሳለ ክር ካስገቡ ክሩ መሃላቸው አይገባም፤ አፋፋቸው ላይ ይቀራል። የሚይዘው የለምና ከሥር ይዘረገፋል።

ስለዚህ እግሩን ያንሱ። ክሩን ሙሉ በሙሉ ያውጡና እንደ አዲስ ያስገቡት። ከዚያ እግሩን ያውርዱና ክሩን በጣትዎ ሳብ ያድርጉት። ጠበቅ ካለ ገብቷል። ዝም ብሎ ከመጣ ይድገሙት።

እኔ ሃያ ዓመት የሰፋሁት ሰውዬ እንኳ በዚህ ተሸውጃለሁ። ያውም ሦስት ቀን ሙሉ። የታችኛውን ብሎን ሳጠብቅ፣ ሳላላ፣ ሳጠብቅ። በመጨረሻ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ሰውዬው አንድ ቃል ሳይናገር እግሩን አነሳ፣ ክሩን አወጣ፣ አስገባ፣ ሰፋና መለሰልኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሥዕል መሥራት ሲጀምሩ ደግሞ ይኸው ችግር በሌላ በር ይመጣል። በነፃ ስፌት ጊዜ፣ ማለትም ጨርቁን በእጅዎ ወደፈለጉት አቅጣጫ እየነዱ ሲሰፉ፣ የሚገጠመው እግር ቢወርድም ጨርቁን በደንብ አይጫነውም፤ ላዩ ላይ እየዘለለ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ማውረዱን ይረሳሉ። ሁልጊዜ ከመርገጥዎ በፊት ማንሻውን በጣትዎ ይንኩት።

"ተማሪ ነኝ። በክር መሳል የሚባለውን ሳይ ደስ ይለኛል፤ ግን ሥዕል ላይ ዜሮ ነኝ። በእርሳስ እንኳ ድመት ስስል በግ ይሆንብኛል። ልሞክር ወይስ ይቅርብኝ?"

ሞክር። በጉም ቢሆን ጥሩ ነው።

መጀመሪያ የመኪናውን ጥርሶች አውርዳቸው። ከመርፌው ሥር ሆነው ጨርቁን የሚነዱት እነሱ ናቸው። ሲወርዱ ጨርቁ በእጅህ ብቻ ይሄዳል፤ ወደፈለግከው አቅጣጫ። የድሮ መኪና ሆኖ ጥርሶቹ የማይወርዱ ከሆነ በካርድና በፕላስተር ሸፍናቸው፤ ለመርፌው ቀዳዳ መተው እንዳትረሳ። የስፌት ርዝመቱን ዜሮ ላይ አድርገው። ለነፃ ስፌት የሚሆነውን ባለ ሞላ እግር ግጠምለት። መርፌህ 90/14 ቢሆን ጥሩ ነው። 90 ማለት ውፍረቱ 0.9 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው፤ ለብዙ ድርብርብ ጨርቅ ቀጭን መርፌ ይጎብጣል።

እርሳስ ስትይዝ ወረቀቱ ይቆማል፣ እርሳሱ ይሄዳል። እዚህ እርሳሱ ቆሞ ወረቀቱ ይሄዳል። አእምሮህ ይህን እስኪቀበል ግማሽ ቀን ያናድድሃል። ስለዚህ ሥዕል አትጀምር፤ ስምህን ጻፍ። ስምህን እጅህ ያውቀዋል። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ጻፈው።

አሁን ዋናው ነገር። እግርህ ፈጠን፣ እጅህ ዝግ ይበል። ጀማሪ ሁሉ ግልባጩን ነው የሚያደርገው። ፈርቶ ፔዳሉን በስሱ ይረግጣል፤ እጁን ግን ይወረውረዋል። ስፌቱ ይራራቃል። መርፌው ጨርቁ ውስጥ ሳለ ጨርቁ ሲጎተት መርፌው ይጎብጥና ብረቱን መትቶ ይሰበራል። አንዴ የተሰበረ ጫፍ ተፈናጥሮ መነጽሬን መታኝ። መነጽር ባላደርግ ኖሮ ይህን አምድ ሌላ ሰው ይጽፍላችሁ ነበር።

ስፌት ከዘለለብህ ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅምሃል። የእጅ መርፌ ዓይኑ ከኋላ ነው፤ የመኪና መርፌ ዓይኑ ጫፉ አጠገብ ነው። ኤልያስ ሃው እ.ኤ.አ. በ1846 አሜሪካ ውስጥ የባለቤትነት መብት ያገኘበት መኪናም እንዲህ ዓይነት መርፌ ነበረው። መርፌው ክሩን ይዞ ይወርድና ትንሽ መነሳት ሲጀምር ክሩ ከጀርባው ላላ ብሎ ቀለበት ይሠራል። ከሥር ያለው መንጠቆ ያቺን ቀለበት ይዞ የታችኛው ክር በተጠቀለለበት ቦቢን ዙሪያ ያዞራታል። ሁለቱ ክሮች የሚቆላለፉት በዚህ ቅጽበት ነው። ጨርቁ ስስ ሆኖ ከመርፌው ጋር ብድግ ካለ ቀለበት አይሠራም፤ መንጠቆው ባዶውን ያልፋል። መድኃኒቱ ጨርቁን ማጠንከር ነው። ከሥር ወፍራም ጥጥ ወይም ሸራ አድርግበት። ካጣህ ወረቀት ይበቃል፤ ኋላ ትቀደዋለህ።

የድመቱ ጉዳይስ? ለዚህ ሌባ መንገድ አለ። ድመት ያለበት ፎቶ አትምና የዋና ዋና መስመሮቹን ቅጂ ስስ ወረቀት ላይ አውጣ። ወረቀቱን በጨርቁ ጀርባ አስቀምጥ። ጨርቁን ገልብጠህ፣ ወረቀቱን እያየህ፣ በመስመሩ ላይ ስፋ። ስትጨርስ መልሰህ ስትገለብጠው ፊት ለፊት በቦቢኑ ክር የተሣለ ድመት ይጠብቅሃል። በፊቱ ገጽ አንድም የእርሳስ ምልክት የለም።

ግን አስተውል፤ ግራው ቀኝ ይሆናል። ለድመት ግድ የለም። እኔ ለእህቴ ልጅ "ሰላም" የሚል ጽሑፍ በዚህ መንገድ ሰፍቼ ሁለት ቀን ከደከምኩ በኋላ ስገለብጠው ቃሉ ከመጨረሻው ጀመረ። ፊደሎቹም ፊታቸውን አዙረው ቆመዋል። እስካሁን ግድግዳዋ ላይ አለ። እንግዳ ሲመጣ የየት አገር ፊደል ነው ይላል አሉ።

"ብዙ ቁርጥራጭ አለኝ፤ ቀለማቸውም ደማቅ ነው። ስገጣጥማቸው ግን ሁሉም ይደፈርስና ምንም አይታይም። የአንድ ቤትና የአንድ ዛፍ ሥዕል ሠርቼ ዛፉ የቱ እንደሆነ ልጄ ጠየቀኝ። ምን ላድርግ?"

እህቴ፣ ቀለሙን ለጊዜው ተይው። ፈካ ማለቱንና ጠቆር ማለቱን እይ።

ቁርጥራጮችሽን መሬት ላይ ዘርጊና በስልክሽ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሺያቸው። ትደነግጫለሽ። በዓይን ሲታዩ የማይተዋወቁት ቀዩና አረንጓዴው ፎቶው ላይ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ይገኛሉ። ልጅሽ ዛፉን ያጣው ለዚህ ነው። ቤትሽና ዛፍሽ ቀለማቸው ቢለያይም ክብደታቸው እኩል ነው። ስልክ ከሌለሽ ዓይንሽን አጨንቁረሽ እይው። ያው ነው።

አሁን በሦስት ክምር ለያቸው፦ ፈካ ያለ፣ መካከለኛ፣ ጠቆር ያለ። የመካከለኛው ክምር ተራራ ይሆናል። የሁላችንም እንደዚያ ነው፤ ልብስ ስንገዛ መካከለኛውን ስለምንወድ ይመስለኛል። የጎደለሽ ፈካ ያለውና ጠቆር ያለው ነው። አዲስ ጨርቅ ፍለጋ ከመሄድሽ በፊት ግን ያለሽን ገልብጪው።

ጀርባውን እይ ማለቴ ነው። ወዳጆቼ በዚህ ነገር ይስቁብኛል፤ ጨርቅ ሳገኝ መጀመሪያ የምገለብጠው እኔ ነኝ። አበባ የታተመበት ጥጥ ጀርባው ፈዘዝ ያለ፣ በጭጋግ ውስጥ የሚታይ ዓይነት አበባ ነው። ለሩቅ ነገር ይህን የሚያክል የለም። ፊቱን ለቅርቡ ዛፍ፣ ጀርባውን ከኋላ ላለው ጫካ አድርጊው። አንድ ጨርቅ ነው፤ ግን በመሃላቸው አየር ያለ ይመስላል።

ከሁሉም በላይ ግን ያረጀ ጂንስ ፈልጊ። ጂንስ ድሩ ሰማያዊ፣ ማጉ ነጭ ነው። ጀርባው የሚነጣው ለዚያ ነው። ጉልበቱ ላይ አልቆ ሰማይ መስሏል። ጭኑ መካከለኛ ነው። የታችኛውን እጥፋት ስትፈቺው ውስጡ ፀሐይ ያልነካው ሰማያዊ አለ። ከአንድ ሱሪ አምስት ስድስት ሰማያዊ ታወጫለሽ፤ ሁሉም ዘመዳሞች ናቸውና አይጣሉም።

የኋላ ኪሱን ደግሞ በጥንቃቄ ፍቺው። ቀስ ብለሽ፣ በስፌት መፍቻ፣ ክር በክር። ኪሱ ሲነሳ ከሥሩ ሌላ ኪስ ታያለሽ፤ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ልክ በኪሱ ቅርጽ። ለዓመታት ተሸፍኖ የኖረ ቦታ ነው። ዙሪያውን የድሮው ስፌት ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ማዕዘኖቹ ላይ ትንንሽ የዝገት ነጠብጣብ አለ፤ የብረት ማጠናከሪያው የነበረበት ነው። እኔ አንዱን እንዳለ ቆርጬ በር አደረግኩት፤ ማታ የተዘጋ በር። የመርፌ ቀዳዳዎቹ ሚስማር መሰሉ። የዝገቱ ነጠብጣብ ማጠፊያ ሆነ። አንድም ክር አልጨመርኩበትም። ከሠራኋቸው ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው፤ ሠራሁት ማለት ከተቻለ።

"ባለቤቴ 'ይህን ድሪቶ ለምን ትሰበስቢያለሽ?' ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ሸሚዙን ቆርጬበት ተጣላን። ለመሆኑ ይህ ሥራ ጥበብ ይባላል ወይስ እኔ ነኝ ያበድኩት?"

የሚለብሰውን ሸሚዝ ከሆነ የቆረጥሽበት፣ ይቅርታ፣ ከእሱ ጋር ነኝ። ጠይቂው።

ድሪቶ ማለቱን ግን አትቀየሚው። ቃሉ ደረተ ከሚለው ነው፤ ጣፈ፣ ደራርቦ ሰፋ ማለት። ሥራሽን በትክክለኛ ስሙ ጠርቶታል።

ሐሪየት ፓወርስ የምትባል ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1837 በአሜሪካ ጆርጂያ በባርነት ተወለደች። ከባርነት ከወጣች በኋላ በ1880ዎቹ አጋማሽ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን በጨርቅ ሠራች። አሥራ አንድ ክፍል አለው። ሰውን፣ እንስሳውን፣ ከዋክብቱን ከጨርቅ ቆርጣ ሌላ ጨርቅ ላይ ሰፋቻቸው፤ በእጅም በመኪናም። በ1886 አውደ ርዕይ ላይ ስታሳየው አንዲት የሥዕል መምህርት ጨርቁን ልግዛው አለቻት። እምቢ አለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ችግር ሲገባ ራሷ ይዛው መጣች። አሥር ዶላር ጠየቀች፤ የተከፈላት አምስት ነው። ከመሸጧ በፊት እያንዳንዱን ሥዕል ምን እንደሆነ አስረዳች፤ መምህርቷም ጻፈችው። ሐሪየት ከዚያ በኋላም ሥራዋን ለማየት ተመላልሳለች። ዛሬ ያ ጨርቅ ዋሽንግተን ውስጥ በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ነው።

ይህን ለባለቤትሽ ንገሪው። እኔን ግን ከታሪኩ ሁሉ የሚይዘኝ እያንዳንዱን ሥዕል ቆማ ማስረዳቷ ነው። አንቺም ሥራሽ ጀርባ ላይ ጻፊበት። ጨርቁ ከማን ልብስ እንደመጣ፣ መቼ እንደሰፋሽው። በማይለቅ እስክሪብቶ። "ይህ አንገትጌ ሳይጠየቅ የተቆረጠ ነው" ብለሽም ቢሆን።

አጫጭር ጥያቄዎች ደግሞ በአንድ ትንፋሽ። ማስቲሽ መጠቀም ይቻላል ወይ ላላችሁኝ፦ በውሃ የሚለቀውን፣ በትንሹ፣ እስኪደርቅ ጠብቃችሁ። እርጥቡ ላይ ከሰፋችሁ መርፌው ይጣበቅና ክር ይበጥሳል። ጠርዙ ተተረተረብኝ ላልሽው፦ በዚግዛግ ያዢው፣ ወይ ተይው ይተርተር። ሳር ስሠራ ሆን ብዬ ነው የምተረትረው። ካውያ ጨርቄን አቀለጠው ላልከው፦ ፖሊስተር ነበር። ከማታውቀው ጨርቅ ሁለት ክር መዘህ በመቆንጠጫ ይዘህ አቃጥል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል። ሐርና ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። ይህን ውሃ አጠገብ ሆነህ አድርገው። የት ልስቀለው ላላችሁኝ፦ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ግድግዳ። የመጀመሪያ ሥራዬን መስኮት ፊት ሰቅዬው ወይን ጠጁ በሁለት ዓመት ውስጥ ሻይ መሰለ።

"እናቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። አንድ ቀሚሷ እኔ ጋ አለ። ከእሱ የሆነ ነገር ልሠራ አስቤ መቀሱን አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። ምን ትመክረኛለህ?"

መቀሱን አስቀምጪው። አሁን አያስፈልግሽም።

መጀመሪያ ቀሚሱን እንዳለ ፎቶ አንሺው፤ ፊቱንም ጀርባውንም። ከዚያ ስፌት መፍቻ ያዢና የታችኛውን እጥፋት ብቻ ፍቺ። እጥፋቱ ውስጥ ምናልባት አራት አምስት ጣት የሚሆን ጨርቅ አለ። ቀለሙ ቀሚሱ አዲስ የነበረ ጊዜ የነበረው ቀለም ነው። ያን ማየቱ ብቻ አንድ ቀን ሊወስድብሽ ይችላል፤ አትቸኩይ። ከዚያ ላይ አንድ ጠባብ ቅዳጅ ውሰጂና እጥፋቱን መልሰሽ ስፊው። ቀሚሱ ትንሽ አጠረ እንጂ አልጠፋም። ለመጀመሪያ ሥዕል ያ ቅዳጅ ይበቃል።

ቀሪውን መቁረጥ የምትፈልጊበት ቀን ይመጣ ይሆናል። ላይመጣም ይችላል። አላባማ ውስጥ ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1942 ባሏ ሲሞት የሥራ ልብሶቹን ሰብስባ አልጋ ልብስ ሰፋችባቸው። ያለቀውን ጉልበት፣ የነጣውን ጨርቅ አልደበቀችም፤ እንዳለ ገጠመችው። አንቺም አንድ ቀን ከቆረጥሽ ያለቀውን ቦታ አትጣይው። ክርኑን፣ ወገቡን፣ እጇ ይነካው የነበረውን የኪስ አፍ።

እኔ የአባቴን ኮት የፈታሁት ከሞተ በስድስተኛው ዓመት ነው። አባቴ አናጢ ነበር። ገበሩን ስፈታ የውስጥ ኪሱ ተቀዶ እንደነበር አየሁ፤ በቀዳዳው የገባ የእርሳስ ስባሪ ግርጌው ላይ ተሰንቅሮ ቀርቷል። አጭር ነው፤ አውራ ጣቴን አያክልም። በቢላ የተቀረጸ ጫፍ አለው። መጀመሪያ ላወጣው ነበር። ከዚያ ተውኩትና ያቺን የኮት ጥግ ከነእርሳሷ ቆርጬ ሥዕሉ መሃል አስቀመጥኳት። ዙሪያዋን በእጄ ጎማውን እያዞርኩ ነው የሰፋሁት፤ በፔዳል ብሰፋ መርፌው እርሳሱን ያገኘው ነበር። ሥዕሉን ለማጽዳት ከግድግዳ ሳወርደው ውስጡ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ካውያ አላሳልፍበትም።